ከዋርሶ የካሴት ገበያ የወጡ ጌሞች

በጁን 2020 የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ማቴዎሽ ሞራቪየትስኪ አንድ የቪዲዮ ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ አስታወቁ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጌሙ «ዚስ ዋር ኦቭ ማይን» ይባላል፤ የሠራው 11 ቢት ስቱዲዮስ የተባለ የዋርሶ ድርጅት ነው። በአብዛኞቹ የጦርነት ጌሞች ተጫዋቹ ጠመንጃ አንግቦ የሚሮጥ ወታደር ይሆናል። በዚህኛው ግን በተከበበ ከተማ፣ በፈራረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎች ኑሮ በእጁ ይወድቃል። ቀን ቀን አነጣጥሮ ተኳሽ ስላለ ከቤት መውጣት የለም። ሌሊት ከመካከላቸው አንዱ ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። በጸጥታ የሚኖሩ ሁለት አዛውንት ቤት ገብቶ ያላቸውን ጠራርጎ ቢመለስ የእሱ ቤት ሰዎች ያድራሉ፤ ዘራፊው ግን በማግስቱ ይተክዛል፣ ሥራ ይጠላል፣ አንዳንዴም ከአልጋው አይነሳም። የጌሙ መነሻ ከ1992 እስከ 1996 የዘለቀው የሳራዬቮ ከበባ ነው። ጌሙ የአዋቂዎች ስለሆነ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ተማሪዎች ብቻ፣ በነጻ፣ ለታሪክ፣ ለሥነ ምግባር፣ ለፍልስፍናና ለሶሺዮሎጂ ትምህርት እንዲያገለግል ተፈቀደ።

ዜናው ሲሰማ ብዙዎች የመንግሥቱን አርቆ አሳቢነት አደነቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ ዋርሶን ለጎበኙት ለባራክ ኦባማ «ዘ ዊቸር 2» የተባለውን የፖላንድ ጌም በስጦታ አበርክተው ነበር። ኦባማ በ2014 ተመልሰው ሲመጡ፣ እርሳቸው በጌም ጎበዝ እንዳልሆኑ አክለው ስጦታውን በንግግራቸው አነሱት። ከእነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች ተነስቶ ፖላንድን የጌም አገር ያደረጋት የመንግሥት እገዛ ነው ማለት ይቀላል። የነገሩን ቅደም ተከተል ለተመለከተ ግን መንግሥት ለምርቃቱ ደረሰ እንጂ ለመሠረቱ አልነበረም። ከእሱ በፊት ኩባንያዎቹ፣ ከኩባንያዎቹ በፊት ጌም ሠሪዎቹ፣ ከጌም ሠሪዎቹ በፊት ደግሞ ተጫዋቾቹና ለተጫዋቾቹ ካሴት እየገለበጡ የሚሸጡ ወጣቶች ነበሩ። እኔ የምከራከረውም ይህንኑ ነው፤ በፖላንድ ገበያተኛው ከሠሪው ቀደመ፤ የአገሪቱ ጌሞች ጥንካሬም፣ አሁን የገባባቸው ነቀዝም የሚፈታው ከዚህ ተነስቶ ነው።

የ1980ዎቹ ፖላንድ ዕዳ የተጫናት፣ የሱቅ መደርደሪያዎቿ የተራቆቱ አገር ነበረች። በዲሴምበር 1981 የታወጀው ወታደራዊ አገዛዝ የተነሳው በጁላይ 1983 ነው። ምዕራባውያን ደግሞ ኮኮም በሚባለው ኮሚቴያቸው የተራቀቀ ኤሌክትሮኒክስ ወደ ሶሻሊስት አገሮች እንዳይገባ ይቆጣጠሩ ነበር። ኮምፒውተር የፈለገ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ይሞክራል። ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲልክለት ይማጸናል፤ ወይም ደግሞ ፔቬክስ ወደሚባሉት፣ በዶላር ወይም ዶላርን በሚተካ ኩፖን ብቻ ወደሚሸጡ የመንግሥት ሱቆች ሄዶ አታሪ የተባለ ኮምፒውተር ይገዛል። ዶላሩ ከጥቁር ገበያ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል፤ መንግሥት ግን ከየት አመጣኸው ብሎ አይጠይቅም፤ የውጭ ምንዛሪው ያስፈልገዋልና። እንዲህ በስንት መከራ የተገኘ ኮምፒውተር ቤት ሲገባ ደግሞ ጌም የለውም። የምዕራብ ጌም አምራቾች በፖላንድ ወኪል አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም ዋጋውን የሚችል አልነበረም።

ክፍተቱን የሞላው የሳምንት መጨረሻ ገበያ ነው። በዋርሶ የታወቀው በግዥቦፍስካ መንገድ የሚቆመው የኮምፒውተር ገበያ ሲሆን፣ በሌሎች ከተሞችም ቢጤዎቹ ነበሩ። ሻጮቹ ጌሞቹን በካሴት፣ ኋላም በፍሎፒ እየገለበጡ ይሸጣሉ። የዘመኑ ጌም በድምፅ ካሴት ላይ የሚቀዳ ጩኸት ስለነበር ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ ገልባጭ መሆን ይችላል። የፖላንድ ሬዲዮ ራሱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በአየር ላይ ያሰራጭ ነበር፤ አድማጩ ያንን ሲርሲርታ በካሴት ቀድቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል። በዚያ ላይ ይህን ሁሉ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። የሶፍትዌር የቅጂ መብት በፖላንድ በግልጽ የተጠበቀው በ1994 በወጣው ሕግ ነው። በ1985 የ«ሽታንዳር ሙዎዲሕ» ጋዜጣ ተቀጥላ ሆኖ የጀመረው «ባይቴክ» መጽሔት ኮዶችን፣ የጌም ግምገማዎችንና የጨዋታ ካርታዎችን ያትም ነበር። ገዢው ሥርዓት መጽሔቱን ሲፈቅድ የነገ መሐንዲሶች ይፈሩበታል ብሎ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ወጣቶቹ ግን በአብዛኛው ለጌሞቹ ነበር የሚገዙት።

በዚያ ገበያ ገንዘብ የሚያስገኘው ዕቃው አልነበረም፤ ማንም ሊገለብጠው ይችላልና። የሚከፈለው ለመረጣና ለመረጃ ነው፤ የትኛው ጌም አዲስ ነው፣ የቱ እስከ መጨረሻው ይሠራል፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የቱ ይገባዋል። ኋላ «ዘ ዊቸር»ን የሠራው የሲዲ ፕሮዬክት ኩባንያ መሥራች ማርቺን ኢቪንስኪ ልጅ ሳለ በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ አድራሻውን ላገኘው የግሪክ ተጫዋች ባዶ ካሴት ልኮ አዲስ ጌም እንዳስቀዳ፣ ያንን ይዞ ገበያ በወጣበት ቅዳሜና እሁድም እንደ ጀግና እንደታየ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በሌላ በኩል በዚሁ ዘመን የ«ባይቴክ» ጋዜጠኛ የነበረው ማርቺን ቦርኮፍስኪ በ1986 «ፑሽካ ፓንዶሪ» የተባለ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ የሚጫወቱት ጌም ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ለተባለው ኮምፒውተር ሠራ፤ ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የፖላንድ ጌም ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ነው። የመጀመሪያው ጌም ሠሪ የጌም ጸሐፊ፣ የትልቁ ኩባንያ መሥራች ደግሞ የገበያ ልጅ መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ሁለቱም ለተጫዋቹ ቅርብ ነበሩ፤ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስመርረው ያውቁ ነበር።

1994 ሁለት ነገር አንድ ላይ ያመጣ ዓመት ነው፤ አንዱ የቅጂ መብት ሕጉ፣ ሌላው ኢቪንስኪና የትምህርት ቤት ጓደኛው ሚሐው ኪቺንስኪ በጣም ትንሽ ካፒታል ይዘው ሲዲ ፕሮዬክትን ማቋቋማቸው። ሥራቸው በሕጋዊ መንገድ ጌም ከውጭ ማስገባት ነበር። ሕጉ ወጣ ተብሎ ገልባጩ ከገበያ አልጠፋም። ፈተናው ግልጽ ነው፤ ኦሪጅናሉን ከግልባጩ ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ማን ይገዛል? መልሱን በ1999 «ባልደርስ ጌት» በተባለው ጌም ሰጡት። ጌሙ በንግግር የተሞላ፣ በአምስት ሲዲ የቀረበ ግዙፍ ሥራ ነው። ሙሉ ለሙሉ ወደ ፖላንድኛ አስተረጎሙት፤ እንደ ፒዮትር ፍሮንቸፍስኪ ያሉ አገር የሚያውቃቸውን ተዋንያን ድምፅ አስቀዱበት፤ ሳጥኑ ውስጥ ካርታ፣ የሙዚቃ ሲዲና የሕግጋት መጽሐፍ ጨመሩበት። ገልባጩ አምስቱን ሲዲ መገልበጥ ይችላል፤ ሳጥኑን ግን አይችልም። በመጀመሪያው ቀን 18,000 ቅጂ ተሸጠ፤ ዋጋው ለዚያ ዘመን ፖላንዳዊ የሚቀመስ አልነበረም፣ ሰው ግን ገዛ። ይህን ዘዴ ከንግድ ትምህርት ቤት አላገኙትም። ግልባጭ ገዢ የነበሩት፣ ግልባጭ ሻጭም የነበሩት ራሳቸው ናቸው።

ከመሸጥ ወደ መሥራት የተሻገሩትም በዚያው የንግድ ግንኙነት ነው። ከ«ባልደርስ ጌት» ጋር ለተዛመደ ሌላ ጌም የኮምፒውተር ቅጂ እንዲያዘጋጁ ከውጭ ታዘው ሥራው ቢሰረዝም፣ እጃቸው ላይ የቀረው ኮድ የራሳቸውን ጌም ለመጀመር አነሣሣቸው። የመረጡት ታሪክ የአንድርዜይ ሳፕኮፍስኪ «ዊቸር» ነበር፤ በ1986 በ«ፋንታስቲካ» መጽሔት በአጭር ልብ ወለድነት የወጣና ፖላንዳዊ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ። ደራሲው የሽያጭ ድርሻ ቢቀርብለትም ጌም ገንዘብ ያመጣል ብሎ ስላላመነ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ መረጠ። በ2018 በጠበቆቹ በኩል 60 ሚሊዮን ዝሎቲ ጠየቀ፤ በ2019 መጨረሻ በአዲስ ውል ተስማሙ። የመጀመሪያው «ዘ ዊቸር» በ2007፣ ሦስተኛው በ2015 ወጣ፤ ሦስተኛው ብቻ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡን ኩባንያው አስታውቋል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ የፖላንድን ጌም የሠራው ገበያው ሳይሆን የሳፕኮፍስኪ መጽሐፍ ነው የሚል ነው። መጽሐፉ ጠቅሟል፤ ብቻውን ግን ጌም አይሆንም። ሜትሮፖሊስ የተባለው የአድሪያን ሕሚየላዥና የጌዥጎዥ ሚየሖፍስኪ ድርጅት በ1990ዎቹ የዚያኑ መጽሐፍ ጌም ጀምሮ ሳይፈጽመው ቀርቷል። መጽሐፉ ያው ነው፤ የተለየው ጌሙን እስከ መጨረሻ የሚያደርስ ገንዘብና የገዢ እምነት ነው። እሱን ደግሞ ሲዲ ፕሮዬክት ያከማቸው በአስመጪነትና በአስተርጓሚነት ዓመታቱ ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ ግልበጣ በቼኮዝሎቫኪያም፣ በቡልጋሪያም፣ በሶቪየት ኅብረትም ነበር፤ ታዲያ ለምን ፖላንድ? እውነት ነው፤ ግልበጣ ብቻውን ምንም አይሠራም። ፖላንድ ወደ 38 ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ቋንቋ የሚናገርባት አገር ነች፤ በዚያ ሁሉ ተዋናይና በዚያ ሁሉ ማሸጊያ ጌም አስተርጉሞ ማትረፍ የሚቻለው ይህን ያህል ገዢ ሲኖር ነው። የገበያው ስፋት ትርጉሙን አዋጭ አደረገው፤ ትርጉሙ ኦሪጅናል የሚገዛ ደንበኛ ፈጠረ፤ ደንበኛው ደግሞ የሥራውን ካፒታል አመጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በፕሌይስቴሽን ቤት በዙር እየከፈለ እግር ኳስ የሚጫወተውን ወጣት የሚያስብ አንባቢ፣ ተጫዋቹ ካለ የቀረው ቀላል ነው ብሎ እንዳይቸኩል ይህን የመሃሉን ሰንሰለት ልብ ቢል ይበጃል፤ የኛ ተጫዋች የሚከፍለው ለወንበሩ እንጂ ለጌሙ አይደለም።

ግልበጣን እያሞገስኩ ነው የሚል ካለ፣ ቅሬታው መልስ ይገባዋል። ግልበጣ ሌብነት ነው፤ በፖላንድም የተጎዱት ከማንም በፊት የራሷ ልጆች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጌም ሠርቶ ያወጣ ሰው ሥራው በሳምንቱ በየገበያው ተገልብጦ ያገኘዋል፤ ድካሙን የሚመልስ ገቢ አያይም። ስለዚህ የ1994ቱ ሕግ ባይወጣ የኋላው ሁሉ አይኖርም ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። ግልባጭ የሚገዛውን ሰው ሲዲ ፕሮዬክት እንደ ወንጀለኛ አላየውም፤ ገና ያልተስተናገደ ደንበኛ አድርጎ ቆጠረው። ይህ አመለካከት ዛሬም በፖላንድ ጌሞች ውስጥ ይታያል። በ2008 ያቋቋሙት ጎግ የተባለው የኢንተርኔት መደብር ጌሞችን ያለ ምንም የቅጂ መቆለፊያ ይሸጣል፤ የገዛው ሰው ለጓደኛው ቢገለብጥለት የሚያግደው መቆለፊያ የለም፣ መደብሩ ግን አሁንም አለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ዳርክውድ» ነው። ሦስት ጓደኛሞች በሕዝብ መዋጮ ገንዘብ ጀምረው፣ ለዓመታት ደክመውበት በኦገስት 2017 ያወጡት የጨለማ ጫካ ጌም ነው። ከወጣ ጥቂት ቀናት በኋላ ራሳቸው ሠሪዎቹ ሙሉውን ጌም በዓለም በታወቀው የግልባጭ ድረ ገጽ ላይ ጫኑት። ምክንያታቸውን ሲናገሩ፣ አንድ ተጫዋች ወላጆቹ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን አይተው እንዳይጨነቁ ገንዘቡ እንዲመለስለት የጻፈላቸውን መልእክት ጠቀሱ። መግዛት የማይችል ይውሰድ፤ ከወደደው ወደፊት በቅናሽ ይግዛ አሉ። አንድ የሂሳብ ባለሙያ ቢያማክራቸው ኖሮ ሳያብዱ አልቀሩም ይላቸው ነበር።

«ዚስ ዋር ኦቭ ማይን»ም ከዚሁ የዘር ሐረግ የወጣ ነው። ያ «ዊቸር»ን ጀምሮ የተወው ሜትሮፖሊስ በ2008 በሲዲ ፕሮዬክት ከተገዛ በኋላ፣ ከሰዎቹ የተወሰኑት ወጥተው 11 ቢትን መሠረቱ። ትንሽ ድርጅት እንደመሆኑ ከአሜሪካ የጦርነት ጌሞች ጋር በፍንዳታና በሥዕል ጥራት መፎካከር አይችልም። ስለዚህ እጥረትን ራሱን የጌሙ ጉዳይ አደረጉት፤ የሚያልቅ እንጨት፣ የሚቀዘቅዝ ክፍል፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ መድኃኒት። በኖቬምበር 2014 ወጥቶ ወጪውን በሁለት ቀን መለሰ። በ2018 ያወጡት «ፍሮስትፐንክ» ያንኑ ጥያቄ ወደ አንድ የበረዶ ዘመን ከተማ አስተዳደር አሰፋው፤ ከሰል ከሚያልቅ ሕፃናት ይሥሩ ወይ? በዎች ከተማ የተወለደው «ሱፐርሆት» ደግሞ በ2013 በሰባት ቀን ጌም የመሥራት ውድድር ላይ የተጀመረ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ ብቻ። ሥዕሉ ነጭ ግድግዳና ቀይ ሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ማሳመሪያ የሌለው። ጌመሮች ኢንዲ የሚሏቸው እንዲህ ያሉ የጥቂት ሰዎች ሥራዎች ገበያውን ያወቁት በሕዝብ አስተያየት ነው፤ ያላለቀውን በነጻ ለተጫዋች ይሰጣሉ፣ የተወደደውን ይዘው ገንዘብ ያሰባስባሉ። ያው የግዥቦፍስካ ዘዴ መሆኑ ነው። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ስትወር 11 ቢት የ«ዚስ ዋር ኦቭ ማይን»ን የአንድ ሳምንት ገቢ ለዩክሬን ቀይ መስቀል እንደሚሰጥ አሳወቀ፤ ከ800,000 ዶላር በላይም ተሰበሰበ። የጦርነት ጌም መዝናኛ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን አስቀምጣለሁ፤ ሁሉም የጦርነት ጌም እንዲህ ነው ግን አልልም፤ ብዙዎቹ አይደሉም።

አሁን ወደማይመቸኝ ማስረጃ ልምጣ። ገበያው ሠሪውን ከቀደመ፣ ገበያው ሠሪውን ሊያጠፋውም ይችላል። በዋርሶ የአክሲዮን ገበያ ብዙ የጌም ድርጅቶች ስለተመዘገቡ በ2019 የራሳቸው መለኪያ ተበጀላቸው። ሲዲ ፕሮዬክት በ2020 በዚያ ገበያ ከባንኮችና ከነዳጅ ድርጅቶች በልጦ ለተወሰነ ጊዜ ከሁሉም የላቀ ዋጋ ያወጣ ኩባንያ ነበር። ያኔ የሚጠበቀው አዲሱ ጌሙ «ሳይበርፐንክ 2077» ነበር። ሠራተኞችን ከሰዓት በላይ አናሠራም የሚል ቃል ከተገባ በኋላ በመጨረሻዎቹ ወራት በሳምንት ስድስት ቀን እንዲሠሩ ተደረገ። ጌሙ ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ወጣ፤ በአሮጌዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ላይ እየተንተፋተፈ ስላስቸገረ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አወረደው፤ የመለሰው በጁን 2021 ነው። ለግልባጭ ገዢ እንኳ ክብር የነበረው ኩባንያ ከፍሎ የገዛውን ደንበኛ ያልጨረሰውን ዕቃ አስያዘው። ለእኔ ምክንያቱ የሚታይ ይመስለኛል፤ የሚያዳምጠው ሰው ተቀይሯል፤ በግዥቦፍስካ ፊት ለፊት የሚቆመው ተጫዋች ነበር፣ አሁን የሚጠይቀው ባለ አክሲዮኑ ነው። ኩባንያው ግን ጌሙን ጥሎ አልሄደም፤ ለዓመታት እየጠገነ በ2023 ባወጣው ተጨማሪ ምዕራፍ የብዙ ተጫዋቾችን ልብ መልሷል።

ሌላው ጽንፍ ፕሌይዌይ ነው፤ «ካር ሜካኒክ ሲሙሌተር»ንና «ሃውስ ፍሊፐር»ን ያወጣው ድርጅት። በሥሩ ብዙ ትናንሽ ቡድኖች አሉት። ገና ያልተሠሩ ጌሞችን ማስታወቂያና ገጽ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ በብዛት ያወጣል፤ ስንት ሰው መግዛት እፈልጋለሁ ብሎ እንደመዘገበ አይቶ ፍላጎት ያገኘውን ያሠራል። ገበያው ይቅደም የሚለው ሐሳብ እስከ መጨረሻው ሲሄድ እዚህ ይደርሳል፤ ጌሙ ሳይኖር ገዢው ይቆጠራል። ትርፋማ ነው፤ መጥፎ ጌሞችም አይደሉም ሁሉም፤ መኪና መጠገን የሚወድ ሰው በሚያስገርም ሁኔታ ይረካባቸዋል። ነገር ግን የተከበበ ከተማ ሲቪሎችን ኑሮ መግዛት ትፈልጋለህ ተብሎ ቀድሞ የተጠየቀ ሰው እሺ የሚል አይመስለኝም። ተጫዋቹን ማወቅ አንድ ነገር፣ ለተጫዋቹ ምርጫውን ማስረከብ ሌላ ነገር ነው፤ የፖላንድ ምርጥ ጌሞች የተወለዱት ከመጀመሪያው ነው።

የመንግሥት የንግድ ልማት ተቋም በ2023 ባወጣው ዘገባ በአገሪቱ ወደ 500 የሚጠጉ የጌም ስቱዲዮዎችና ከ15,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ ገቢያቸው በአብዛኛው ከውጭ ሽያጭ ነው። በዚያው ዓመት ሲዲ ፕሮዬክት ወደ 100 የሚሆኑ ሠራተኞቹን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ የጌም ሠራተኞችም በዚያው ዓመት ማኅበር መሥርተው በአገሪቱ ካሉት የሠራተኛ ማኅበራት በአንዱ ሥር ተደራጁ። ጥያቄያቸው የሥራ ሰዓት፣ የቅነሳ አሠራርና የሥራ ዋስትና ነው። እነዚህ ሰዎች ከአርባ ዓመት በፊት በገበያው ያልነበረ ወገን ናቸው፤ ያኔ ሻጭና ተጫዋች ብቻ ነበሩ፣ ሠሪው ሩቅ አገር ስለነበር ማንም አያየውም፣ ማንም አይከፍለውም ነበር። አሁን ሠሪው በከተማው ውስጥ ነው፤ ሒሳቡንም ይጠይቃል።